ወኔ በስንት ይባዛል? የሰውና የኅብረተሰብ ጠባይ በጦርነት ጨዋታ ታሪክ

መሐንዲስ ድልድዩን ከመሥራቱ በፊት በወረቀት ላይ ያፈርሰዋል። ጭነቱን እያከበደ፣ የወንዙን ሙላት ከፍ እያደረገ፣ ምሰሶው የሚሰበርበትን ነጥብ ካወቀ በኋላ ነው ድልድዩ እንዲቆም የሚፈርመው። የጦር ሠራዊቶችም ጦርነትን በጠረጴዛ ላይ አስቀድሞ መዋጋትን ከለመዱ ሁለት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ብረት ሸክሙ ሲከብደው ማን እንደጫነበት፣ ለምንስ እንደተጫነበት የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ወታደር ይጠይቃል። ወታደሩን ወልዶ የላከው ኅብረተሰብም ይጠይቃል።

ይህ ጽሑፍ የጦርነት ጨዋታ አዘጋጆች ይህን የሚጠይቅ ፍጡር በስሌታቸው ውስጥ ለማስገባት ያደረጉትን ሙከራ ታሪክ ይመለከታል። የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ርእሱ ለማኅበራችን አባላት ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በመሠረቱ ያለው ችግር በቁጥር የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ይኸውም ሊለካ የማይቻለውን ነገር በስሌት ውስጥ ለማስገባት በተገደድን ጊዜ የምንመርጠው ቁጥር ከየት እንደመጣና በማን ኃላፊነት እንደሚቆም ነው።

ጦርነትን የሚመስል ጨዋታ ጥንታዊ ነው። በአገራችን ሰንጠረዥ የጨዋታው መክፈቻ «ወረራ» ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዐይኑ እየሰለለ፣ እኩል ያንቀሳቅሳሉ። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። ይህ ደንብ ከአውሮፓው ቼዝ ይልቅ ለእውነተኛው ጦርነት ይቀርባል ማለት ይቻላል። ሆኖም በሰንጠረዥም ሆነ በቼዝ ፈረሱ አይፈራም፣ እግረኛውም አይርበውም፤ ሁሉም የተጫዋቹን ትእዛዝ ያለ አንዳች ማመንታት ይፈጽማል።

ከዚህ የተለየውን ጨዋታ የፈጠሩት ፕሩሲያውያን ናቸው። የብሬስላው ከተማ ባለሥልጣን የነበሩት ባሮን ፎን ራይስቪትስ በ1812 ለንጉሣቸው በልዩ ጠረጴዛ ላይ የተሠራ የጦርነት ጨዋታ አበረከቱ። የመድፈኛ መኮንን የነበሩት ልጃቸው ደግሞ ጨዋታውን አሻሽለው በ1824 ደንቡን አሳተሙ። በስምንት ሺሕ እጅ ባነሰ ካርታ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ የሁለት ደቂቃን ጊዜ ይወክላል፤ የተኩስ ጉዳት በሰንጠረዥና ቁጥር በተጻፈበት ባለ ስድስት ገጽ የዕጣ ጠጠር፣ ማለትም በዳይስ፣ ይወሰናል። የጠቅላይ ኤታማዦሩ ሹም ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ ጨዋታውን ሲያዩ መጀመሪያ ቀዝቀዝ ብለው እንደነበርና እየቆዩ ግን ይህ ጨዋታ ሳይሆን የጦርነት ትምህርት ቤት ነው ብለው ለመላው ሠራዊት እንዳስተላለፉት ይነገራል።

የወጣቱ ራይስቪትስ ዋና ፈጠራ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሰንጠረዡም ዳይሱም አይደለም፤ ዳኛው ነው። ተጫዋቾቹ ለጦራቸው ትእዛዝ የሚሰጡት በጽሑፍ፣ በዳኛው እጅ ነበር። ትእዛዙ መቼ እንደሚደርስ፣ ከኮረብታው በስተጀርባ ያለው የጠላት ጦር ይታይ ወይም አይታይ እንደሆነ የሚወስነው ዳኛው ነው። በዚህ ዘዴ ጥርጣሬ፣ መዘግየትና የተሳሳተ ግምት፣ ማለትም የሰው ልጅ ድካም፣ ያለ ምንም ፎርሙላ ወደ ጨዋታው ገባ። ደራሲው ግን የድካማቸውን ዋጋ አላዩም፤ በ1827 በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ።

ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ መኮንኖች በሰንጠረዡ ብዛት ተሰላቹ። ፎን ፌርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባሉት የጦር መኮንን በ1876 ባሳተሙት ጽሑፍ ሰንጠረዡንም ዳይሱንም አስወግደው ፍርዱን ሁሉ ለዳኛው ልምድ ተዉት። በ1866 እና በ1870 የተዋጉ መኮንኖች ዳኛ ሆነው በተቀመጡበት ዘመን ይህ ጥሩ ዘዴ ነበር። ሻለቃው ጥይት ሲዘንብበት ምን እንደሚያደርግ ዳኛው በዐይኑ አይቷል። የነፃው ጨዋታ ጉድለት የሚታየው ያየው ሰው ጡረታ በወጣ ጊዜ ነው። ከዚህ ወዲህ ያለው ታሪክ በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል የተካሄደ ክርክር ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም፤ አንደኛው ሰውን በጠረጴዛው ዙሪያ ያስቀምጣል፣ ሁለተኛው በቁጥር ለውጦ በስሌቱ ውስጥ ያስገባል።

ሁለተኛውን መንገድ ከፍ ወዳለ ደረጃ ያደረሰው የእኛው ሙያ ሰው መሆኑን ባልደረቦቼ ሲሰሙ ደስ ሊላቸው ይችላል። እንግሊዛዊው የመኪናና የበረራ መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ1914 «ኢንጂነሪንግ» በተባለው መጽሔት ተከታታይ ጽሑፎችን አቅርበው በ1916 በመጽሐፍ አሰባሰቧቸው። ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ጦሮች በሩቅ መሣሪያ ሲታኮሱ የእያንዳንዱ ወገን ጉዳት የሚፈጥነው በተቃራኒው ወገን ተኳሾች ቁጥርና በእያንዳንዱ ተኳሽ ብቃት ልክ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ የአንድ ጦር ኃይል ብቃቱ በቁጥሩ ተባዝቶ፣ እንደገና በቁጥሩ የተባዛ ይሆናል። ብቃታቸው እኩል የሆነ 1,000 እና 700 ሰዎች እስከ መጨረሻው ቢዋጉ 700ው በሙሉ ሲያልቁ ከ1,000ው ወደ 714 ያህል ይተርፋሉ። አነስተኛው ወገን ይህን ለማካካስ የእያንዳንዱ ሰው ብቃት ከጠላቱ ሁለት እጥፍ መብለጥ አለበት። በሩሲያም ኦሲፖቭ የተባሉ ጸሐፊ በ1915 በራሳቸው ጥናት ወደ ተመሳሳይ ስሌት ደርሰዋል።

የዚህ ስሌት ዝነኛ ማረጋገጫ ተብሎ የሚጠቀሰው የኢዎ ጂማ ጦርነት ነው። ኤንግል የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1954 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካውያን በየካቲትና በመጋቢት 1945 በዚያች ደሴት ላይ በየዕለቱ የነበራቸውን የወታደር ቁጥር ከላንቸስተር ስሌት ጋር አመሳከሩት። ሁለቱ መስመሮች እጅግ ተቀራርበው ተገኙ። ሆኖም ስሌቱ ለምን እንደሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። በደሴቲቱ ላይ የነበሩት ወደ 21,000 የሚጠጉ ጃፓናውያን ማፈግፈጊያ አልነበራቸውም፣ ረዳት ጦር አልመጣላቸውም፣ እጅ መስጠትንም አልተቀበሉም፤ በውጊያው ወቅት የተማረኩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። ስሌቱ የሚገምተው ደግሞ ልክ ይህንኑ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሰው የሚዋጋ ጦር። ስለዚህ የሰው ፈቃድ ከስሌቱ የጠፋ ቢመስልም አልጠፋም፤ ከፍተኛውን ዋጋ ይዞ፣ ስሙ ሳይጻፍ፣ ተቀምጧል። አብዛኛው ጦር ግን ከፊሉ ሰው ከመውደቁ በፊት ውጊያውን ያቋርጣል።

የውኃ ምሕንድስና ባለሙያዎች የማኒንግን «ኤን» ያስታውሱ። በስሚንቶ ለተለሰነ ቦይ 0.013 ያህል፣ ንጹሕና ቀጥ ላለ የተፈጥሮ ወንዝ 0.03 ያህል እንወስዳለን። ይህ ቁጥር የወንዙን ወለል ሸካራነት ይገልጻል ብንልም እንደ እውነቱ ከሆነ ስለ ወንዙ የማናውቀውን ብዙ ነገር ጠቅልሎ የያዘ ነው። የምንመርጠውም ከሠንጠረዥ፣ ከፎቶግራፍና ከልምድ ነው። በዚህ አንሸማቀቅም፣ ምክንያቱም ወንዙ ስሌታችንን አይሰማም፤ እኛ ሦስት ነጥብ ስለሰጠነው ተቆጥቶ ነገ ጠባዩን አይለውጥም። ጠላት ግን ይለውጣል። በላንቸስተር ስሌት ውስጥ ያለው የብቃት ማባዣ ከማኒንግ ቁጥር የሚለይበት ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

በዚያው በፓሲፊክ ጦርነት ሰውን በጠረጴዛው ዙሪያ የሚያስቀምጠው መንገድም ተፈትኗል። የአሜሪካ የባሕር ኃይል ኮሌጅ በኒውፖርት ከ1887 ጀምሮ የጦርነት ጨዋታ ያስተምር ነበር፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከልም ጃፓንን እንደ ጠላት ቆጥሮ ደጋግሞ ተጫውቷል። የኮሌጁ ተማሪ የነበሩትና በጦርነቱ ጊዜ የፓሲፊክ መርከቦችን ያዘዙት አድሚራል ኒሚትዝ፣ በጨዋታው ክፍል ያልታየ፣ በጦርነቱ ጊዜ ያስደነገጣቸው ነገር እንዳልነበረ ከጦርነቱ በኋላ ተናግረዋል። አንድ ነገር ብቻ ለዩ፤ እሱም ከጥቅምት 1944 ጀምሮ አውሮፕላናቸውን ከነነፍሳቸው በመርከብ ላይ የጣሉት የካሚካዜ አብራሪዎች ናቸው። የመርከቦቹ ፍጥነት፣ የመድፉ ርቀት፣ የነዳጁ መጠን ሁሉ በኒውፖርት ወለል ላይ በትክክል ተለክቶ ነበር። ከሠንጠረዡ የቀረው አንድ ኅብረተሰብ ከልጆቹ ምን ሊጠይቅ እንደሚችል ነው።

ጃፓናውያንም በበኩላቸው በግንቦት 1942 «ያማቶ» በተባለችው የጦር መርከብ ላይ የሚድዌይን ዘመቻ ተጫወቱት። ፉቺዳና ኦኩሚያ በኋላ እንደጻፉት፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ያደረሱትን ጉዳት ለመወሰን ዳይሱን የጣሉት ራሳቸው ኦኩሚያ ነበሩ። ዘጠኝ ቦምብ መታ፤ «አካጊ» እና «ካጋ» የተባሉት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ሰጠሙ። የጦር መርከቦቹ ኤታማዦር ሹምና የጨዋታው የበላይ ዳኛ አድሚራል ኡጋኪ ዘጠኙን ወደ ሦስት ዝቅ አደረጉት፤ «አካጊ» ዳነች፣ የሰጠመችው «ካጋ» ደግሞ በሚቀጥለው የጨዋታ ክፍል እንደገና ተንሳፋ ተገኘች። ከአንድ ወር በኋላ ሁለቱም መርከቦች ከሌሎች ሁለት ጋር በእውነት ሰጠሙ። ይህን ታሪክ የሚያነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ኡጋኪን ይወቅሳሉ። ለፍትሕ ያህል ግን በእውነተኛው ውጊያ ከሚድዌይ ደሴት የተነሡት አውሮፕላኖች አንድም ቦምብ አላገኙም፤ በዚህ ነጥብ የኡጋኪ ፍርድ ከዳይሱ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነበር። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። መርከቦቹ በአደጋ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ የሚለው ጥያቄ አንዴ ከተነሣ በኋላ፣ በበላዩ ፊት ደጋግሞ የሚያነሣው የበታች መኮንን አልነበረም። ለካስ ጨዋታው የጠላትን ኅብረተሰብ ብቻ ሳይሆን የራስንም ኅብረተሰብ ሥርዓት ይዞ ወደ ጠረጴዛው ይቀርባል።

የጠላትን ኅብረተሰብ አሳንሶ መገመት ምን እንደሚያስከትል እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ማወቅ ይገባናል። ጄኔራል ባራቲዬሪ በ1896 መጀመሪያ በሳውሪያ ሰፍረው ይጠባበቁ የነበሩት ሁለት ነገር ገምተው ነው። አንደኛው የምኒልክ ሠራዊት ስንቁ አልቆ ይበተናል የሚል ሲሆን ይህ ግምት በስንቅ ረገድ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ሁለተኛው መኳንንቱ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ይከዳሉ የሚለው የጣሊያኖች የቆየ ተስፋ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ በየካቲት ወር ጎራ የለወጡት ከጣሊያን ጋር የነበሩት የአጋሜው ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ነበሩ፤ እነሱም የጣሊያንን የስንቅ መንገድ ማወክ ጀመሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ማንም አይስተውም። የስንቁ ስሌት የተሠራው በጥሩ ሒሳብ ነበር፤ የመክዳቱ ስሌት የተሠራው በምኞት ነው፤ ሁለቱ ግን ለውሳኔ የቀረቡት ጎን ለጎን፣ በእኩል ክብደት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩን አጉልቶ የሚያሳየው የቬትናም ታሪክ ነው። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ዘመን፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ለአንድ ጥያቄ መልስ እንዲሰጡ ተጠይቀዋልና ጥቂት ልዘግይበት።

የአሜሪካ የጦር ኤታማዦር ሹሞች ጽሕፈት ቤት በፔንታጎን ውስጥ የጦርነት ጨዋታ የሚያዘጋጅ ክፍል ነበረው። ይህ ክፍል በመስከረም 1964፣ ከቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ግጭት አንድ ወር በኋላ፣ «ሲግማ ሁለት» የተባለውን ጨዋታ አካሄደ። ጥያቄው ሰሜን ቬትናም በአየር ብትደበደብ በደቡብ የሚዋጉትን መርዳት ትተዋለች ወይ የሚል ነበር። በጨዋታው ከተካፈሉት መካከል የፕሬዚዳንቱ የጸጥታ አማካሪ ማክጆርጅ ባንዲ፣ የኤታማዦር ሹሞቹ ሊቀ መንበር ጄኔራል ዊለር፣ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሌሜይ፣ ከመከላከያ ሚኒስቴርም ማክኖተን ይገኙ ነበር፤ ማለትም ከጥቂት ወራት በኋላ እውነተኛውን ውሳኔ የሚወስኑት ሰዎች ራሳቸው። ከእነርሱ ፊት ለፊት የሃኖይን መንግሥት ሆነው የተጫወቱት እንደነርሱው አሜሪካውያን ባለሥልጣናት ነበሩ።

ጨዋታው በሄደ መጠን የድብደባው መጠን ከፍ አለ፤ ሃኖይን የያዘው ቡድንም ድብደባው በጨመረ ቁጥር ወደ ደቡብ የሚልከውን ጦር ጨመረ። አብዛኛው ሕዝብ ገበሬ በሆነበት አገር ቢመታ መንግሥቱን የሚያንበረክክ ፋብሪካ ጥቂት ነው። ጨዋታው ሲያበቃ አሜሪካ ብዙ ጦር በምድር ላይ አሰልፋ፣ የአገሯም ሕዝብ እየተጠራጠረ፣ ድል ግን ሳይታይ ቀረ። ጋዜጠኛው ሃልበርስታም በ1972 መጽሐፋቸው እንደተረኩት ጄኔራል ሌሜይ በዕረፍት ሰዓት ለባንዲ ቅሬታቸውን ገልጸው ጠላትን ወደ ድንጋይ ዘመን መመለስ ይገባል ቢሏቸው ባንዲ ምናልባት አሁንም እዚያው ይሆናሉ ብለው መልሰውላቸዋል። በዚህ ቀልድ ውስጥ መላው የጨዋታው ውጤት አለ። ባንዲ ነገሩን ተረድተውት ነበር።

የሆነ ሆኖ ማርች 2 ቀን 1965 ድብደባው ተጀመረ፣ ከስድስት ቀን በኋላም የባሕር ወለድ ጦር ዳ ናንግ ላይ ወረደ። በዓመቱ መጨረሻ በቬትናም የነበረው የአሜሪካ ጦር 184,000 ደርሶ ነበር፤ በ1969 ከ540,000 አለፈ። ድብደባው ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ቀጥሎ በኅዳር 1968 ቆመ። በ1966 በጋ መንግሥት ያሰባሰባቸው 47 ሳይንቲስቶች እውነተኛውን መረጃ መርምረው ድብደባው የሃኖይን አቅምም ሆነ ፈቃድ የሚታይ ያህል እንዳልቀነሰ ሲጽፉ፣ በመሠረቱ ያረጋገጡት ጥቂት ሰዎች ከሁለት ዓመት በፊት በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ያገኙትን ነው።

ለምን አልታመነም? ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ለእኛ ሙያ ቅርብ ነው። የጨዋታው ውጤት ትረካ ነበር፤ ቡድኑ ይህን አደረገ፣ ያኛውም እንዲህ መለሰ የሚል። ሚኒስትሩ ማክናማራ ደግሞ ከትልቅ የመኪና ፋብሪካ የመጡ፣ መሥሪያ ቤታቸውንም በቁጥር እንዲናገር ያስለመዱ ሰው ነበሩ። ትረካ ግራፍ አይወጣለትም። የማይመዘን ሆኖ የቀረበ ማስጠንቀቂያ ከተመዘነ ተስፋ ጋር ሲወዳደር ይቀልላል።

ስለዚህም ፈቃድ እንዲለካ ታዘዘ። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም ከ1964 እስከ 1968 ባሉት ዓመታት ከምርኮኞችና ከከዱ ተዋጊዎች ጋር ወደ 2,400 የሚጠጋ ቃለ መጠይቅ አካሄደ፤ የተጻፈው 62,000 ገጽ ያህል ነው። ሥራውን የጀመሩት ዛስሎፍና ዶኔል ተዋጊዎቹ ለዓላማቸው የቆረጡ ናቸው ብለው ነበር። ቀጥለው ኃላፊነቱን የያዙት ሊዮን ጉሬ ግን ድብደባው ወኔያቸውን እየሰበረ ነው ብለው ዘገቡ፤ ዋሺንግተንም ይህን ዘገባ ወደደችው። ኮንራድ ኬለን የተባሉት ሌላው የተቋሙ ተመራማሪ እነዚያኑ ገጾች እንደገና ሲያነቡ የሰው መሰበር ሳይሆን ጽናት ታያቸው። መረጃው አንድ ነው። አንባቢዎቹ ሦስት ናቸው። ስሕተቱ ከመሣሪያው አይደለም፤ ከመሣሪያው በላይ ካለው ጥያቄ ነው።

በ1967 ደግሞ የመንደሮች ምዘና የተባለው ሥርዓት ሥራ ጀመረ። ከ12,000 በላይ የሆኑ የደቡብ ቬትናም መንደሮች በየወሩ ተመዘኑ። አሜሪካዊው የወረዳ አማካሪ ለእያንዳንዱ መንደር 18 መመዘኛዎችን ይሞላል፤ ጸጥታው እንዴት ነው፣ ትምህርት ቤቱ ይሠራል ወይ፣ ሹሙ ሌሊት በመንደሩ ያድራል ወይ፣ የመሳሰሉትን። ኮምፒዩተሩም አማካዩን አስልቶ ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ማዕረግ ይሰጣል፣ በጠላት እጅ ያሉት የራሳቸው ምልክት አላቸው። እንደ መሐንዲስ ሳየው ቅጹ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ እኛም የገጠር መንገድ ሁኔታን ለመመዝገብ ከዚህ ብዙ የማይለይ ቅጽ እንጠቀማለን። ቅጹን የሚሞላው መኮንን ግን የሕዝቡን ቋንቋ ብዙ ጊዜ አያውቅም፣ በወር ውስጥ ሁሉንም መንደር ሊያዳርስ አይችልም፣ ማዕረጉ ሲሻሻል ደግሞ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው። ለመሆኑ ገበሬው ለማን ያደላል የሚለው ጥያቄ በ18ቱ ውስጥ የት ይገባል? በ1967 መጨረሻ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ገደማ በአስተማማኝ ጸጥታ ውስጥ እንደሚኖር ተገለጸ። በጥር 1968 መጨረሻ የቴት ጥቃት በመላ አገሪቱ ከተሞች ላይ በአንድ ጊዜ ፈነዳ፤ እንዲህ ያለ ዝግጅት በብዙ ሺሕ ሰዎች ዐይን ሥር ሲካሄድ ለመንግሥት የተናገረ ሰው እምብዛም አልነበረም። ያ ዝምታ በየትኛውም ቅጽ ላይ አልተሞላም።

ከዚህ ውድቀት በኋላ ሰውን በቁጥር ለመግለጽ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ በሐቀኝነቱ የማደንቀው የኮሎኔል ትሬቨር ዱፑይን ነው። ዱፑይ የታሪክ ሰው ነበሩ። በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ የመሣሪያውን ኃይል፣ የመሬቱን አቀማመጥ፣ የአየሩን ሁኔታ ሁሉ በቁጥር አስልተው ውጤቱን በእውነት ከተካሄዱ ውጊያዎች፣ በተለይ በ1943 እና በ1944 በጣሊያን ምድር ከተደረጉት፣ ጋር አስተያዩ። ስሌቱና እውነቱ አልገጠሙም፤ አለመግጠሙ ግን ሥርዓት ነበረው። ጀርመኖች በመሣሪያና በቁጥር ከሚጠበቅባቸው በላይ ይዋጉ ነበር፤ መቶ ጀርመናዊ ከመቶ ሃያ ያህል አሜሪካዊ ወይም እንግሊዛዊ ጋር ይመጣጠን ነበር። ዱፑይ ይህን 1.2 የሚያህል ልዩነት የውጊያ ብቃት ዋጋ ብለው ሰየሙት።

እንግዲህ ልብ እንበል። ይህ ቁጥር የተገኘው ማንም ወታደር ተለክቶ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ከተሰላ በኋላ የቀረው ስሕተት ነው። ሥልጠና፣ አመራር፣ የጓድ ፍቅር፣ የተሳሳተ የመሣሪያ ግምትም ቢኖር፣ ሁሉም በዚያ 0.2 ውስጥ አሉ። የስሕተት ስም መስጠት ነውር የለበትም፤ የማኒንግ ቁጥርም ከዚህ ብዙ አይለይም። አደጋው የሚመጣው ቁጥሩ ከተወለደበት ውጊያ ተነጥቆ ያልተካሄደ ውጊያን ለመተንበይ ሲወሰድ ነው። በአንጻሩ የሌላውን ኮሎኔል፣ የኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻልን ታሪክ እንመልከት። በ1947 መጽሐፋቸው በውጊያ ላይ ከወታደሮች መካከል መሣሪያውን የሚተኩሰው ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው ብለው ጻፉ፤ ቁጥሩም ለአርባ ዓመት ያህል ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ኖረ። በ1988 የታሪክ ተመራማሪው ሮጀር ስፒለር መነሻውን ሲፈልጉ በሥርዓት የተሰበሰበ መረጃ አጡለት። የዱፑይን ስሕተት ማንም ሰው እንደገና ማስላት ይችላል፤ የማርሻልን እውነት ግን ማንም ሊያሰላው አልቻለም።

በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ብዙ ሺሕ አሜሪካውያን እንደሚሞቱ የሚተነብዩ ግምቶች ቀርበው ነበር፤ የኢራቅ ታንክና መድፍ ብዛት ይህን ያስገድዳል። ዱፑይ ከአብዛኛው ያነሰ ቁጥር ሰጡ፤ እውነቱ ከሳቸውም ግምት እጅግ ያነሰ ሆነ። የምድሩ ውጊያ 100 ሰዓት ፈጀ፣ በጠቅላላው ዘመቻ በውጊያ የሞቱት አሜሪካውያን 150 አይሞሉም፣ ከ80,000 በላይ ኢራቃውያን ደግሞ እጃቸውን ሰጡ። የኢዎ ጂማን ጦር በላንቸስተር ስሌት ያስገባ ሰው የባስራን ጦር በዚያው ስሌት ማስገባት አይችልም። ሁለቱም ጦሮች በወረቀት ላይ ሰውና ጠመንጃ ናቸው።

በ2002 አሜሪካ 250 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ፣ 13,500 ያህል ሰው የተካፈለበት ታላቅ የጦርነት ልምምድ አካሄደች። ጠላትን የወከሉት ጡረተኛው ጄኔራል ቫን ራይፐር መልእክታቸውን በሞተር ብስክሌት እየላኩ፣ በሬዲዮ ሳይነጋገሩ፣ 16 መርከቦችን በጨዋታው መጀመሪያ አሰጠሙ። መርከቦቹ እንደገና እንዲንሳፈፉ ታዘዘ። ስለዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ «ካጋ» ከስድሳ ዓመት በፊት እንዲሁ ተንሳፋለች።

ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ዘመቻዎች በኋላ የኅብረተሰብን ጠባይ በኮምፒዩተር ለመምሰል ብዙ ገንዘብ ወጣ፤ ጎሣን፣ ሃይማኖትን፣ ኢኮኖሚንና መረጃን እንደ ተያያዘ መረብ የሚያሰሉ ሞዴሎች ተሠሩ። ሆኖም ራንድ በ2018 ባወጣው ጥናት ወታደራዊ ማስመሰያዎች የመዋጋትን ፈቃድ ወይ ጨርሰው እንደሚተዉት ወይም እጅግ በጥቂቱ እንደሚያካትቱት አመለከተ። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ወታደር አይፈራም፣ አይሸሽም፣ ለምን እንደሚሞትም አይጠይቅም። ተመራማሪዎቹ ፈቃድን በማስመሰያው ውስጥ ሲያስገቡ የውጊያው ውጤት ተለወጠ። የትኛውን ዋጋ ማስገባት እንደሚገባ ግን አሁንም የሚወስነው ሰው ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለት ግምቶች በስድስት ወር ልዩነት፣ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ተሳሳቱ። በነሐሴ 2021 በወረቀት ላይ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው የነበረው የአፍጋኒስታን የመንግሥት ኃይል በጥቂት ሳምንታት ተበታትኖ ካቡል በ15ኛው ቀን ያለ ውጊያ ተያዘች። በየካቲት 2022 ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትወድቃለች የተባለችው ኪዬቭ አልወደቀችም። የአሜሪካ የመከላከያ መረጃ ድርጅት ኃላፊ የነበሩት ጄኔራል ቤሪየር በዚያው ዓመት በምክር ቤት ፊት ቀርበው የዩክሬናውያንን የመዋጋት ፈቃድ ተጠራጥረው እንደነበርና ይህም የራሳቸው የተሳሳተ ግምት እንደነበረ ተናገሩ። ሞዴሉን አልጠቀሱም።